የድሬ ሼኽ ሁሴን ቁባ፦ ወሊዩ ከሕንፃው ለምን ይቀድማሉ?

ጠያቂ፦ የባሌ መንገደኛ

አሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። የታሪክም ሆነ የግንባታ ዕውቀት ያላችሁ ወንድሞችና እኅቶች እንድትረዱኝ በትሕትና እጠይቃለሁ። ባለፈው የአረፋ ሰሞን እናቴን ይዤ የወሊዩ (የአላህ ወዳጅ የሚባሉት ቅዱስ ሰው) የሼኽ ሁሴን ማረፊያ የሆነውን ድሬ ሼኽ ሁሴንን ለመዘየር ወደ ባሌ ወርጄ ነበር። እናቴ የኑር ሁሴንን፣ ማለትም የሼኽ ሁሴንን፣ መንዙማ እየሰማች ያደገች በመሆኗ ጉዞው ለእሷ የቆየ ስለት የምታደርስበት ነበር፤ እኔም ስለ ስፍራው ስሰማ የኖርኩትን ሁሉ በዓይኔ ለማየት ጓጉቼ ነበር የሄድኩት።

እንደ ደረስን መጀመሪያ ዓይኔን የያዘው ነጭነቱ ነው። የቆላው መሬት በአቧራና በቁጥቋጦ ደብዝዞ ሳለ ቅጥሩና ጉልላቶቹ በኖራ ነጭ ሆነው ከሩቅ ይታያሉ። ገሪባ የሚባሉት ዘያሪዎች ጫፉ እንደ ባላ ለሁለት የተከፈለ በትራቸውን ይዘው እያዜሙ ይገባሉ፤ አንዳንዶቹ ጀዋራ የሚሉትን ነጭ አፈር ግንባራቸው ላይ ተቀብተዋል። ወደ ቁባው፣ ማለትም በወሊዩ መቃብር ላይ ወደ ተሠራው ባለ ጉልላት ቤት፣ የሚያስገባው በር በጣም ዝቅተኛ ስለሆነ ቆሞ የሚገባ ሰው የለም። እናቴ ጫማዋን አውልቃ፣ ነጠላዋን ሰብስባ፣ በጉልበቷና በእጇ እየተደገፈች ስትገባ ከኋላዋ ሆኜ የበሩን መቃን አየሁት። የሰው እጅ በሚያርፍበት ስፍራ ኖራው ጠርዙን አጥቶ፣ ለስልሶና ዶልዱሞ፣ ግንብ መሆኑ ቀርቶ በእጅ የተድበለበለ ሊጥ ይመስል ነበር። አንድ ጥግ ላይ ቅርፊቱ ትንሽ በተነሣበት ቦታ ደግሞ ኖራው እንደ ተነባበረ እንጀራ ድርብርብ ሆኖ ታየኝ።

ስንመለስ መኪና ውስጥ ክርክር ተነሣ። አንድ ተሳፋሪ «ወሊዩ የኖሩት በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው ይባላል፤ ቁባውን ግን የሐረር አሚር ያሠራው በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ ነው፤ እንግዲህ ጥንታዊ ነው የምትሉት ምኑ ነው?» ብሎ ጠየቀ። እናቴ አልመለሰችለትም፤ ነገር ግን እስከ ሮቤ ድረስ ዝም ብላ መጓዟ ልቤን ነካው። መልሱን ለእሷም ለራሴም ለማወቅ እፈልጋለሁ። በወሊዩና በሕንፃው መካከል ያለው የአምስት መቶ ዓመት ክፍተት እንዴት ይታያል? የሐረር አሚር ከከተማው ያን ያህል ርቆ በባሌ ምድር ቁባ ለማሠራት ምን አነሣሣው? ሦስተኛው ጥያቄዬ ስለ አሠራሩ ነው፤ ክብ ጉልላት አራት ማዕዘን ባለው ግድግዳ ላይ እንዴት ሊቀመጥ ቻለ፣ በሩስ ስለምን እንዲህ አነሰ?

መልስ፦ ከጀጎል ግንብ ሥር

ወዓለይኩሙ ሰላም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። የእናትዎን ዚያራ አላህ ይቀበላቸው። እኔ ተወልጄ ያደግሁት በሐረር፣ አዋች በምንላቸው የወሊዮች ማረፊያዎች መካከል ስለሆነ ይህን ጥያቄ ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ኖሬአለሁ። ቁጥሩን በተመለከተ ተሳፋሪው አልተሳሳተም። አሁን የምናየውን ቁባ በማሠራት ስማቸው የሚነሣው ከ1783 እስከ 1794 እ.ኤ.አ. ሐረርን የገዙት አሚር ዐብዱሸኩር ናቸው። የተሳሳተው ከቁጥሩ የደረሰበት ድምዳሜ ነው፤ ምክንያቱም የወሊይ ዕድሜና የቁባ ዕድሜ አንድ ሆኖ የሚገኘው ከስንት አንድ ጊዜ ነው።

በሀገራችን ሰፊ ስፍራ ያለውን የቃዲሪያ ጠሪቃ (የሱፊዎች መንገድ) እንውሰድ። የጠሪቃው አባት ሼኽ ዐብዱልቃድር አል-ጀይላኒ በባግዳድ ያረፉት በ1166 እ.ኤ.አ. ነው። በመቃብራቸው ላይ የነበረው ሕንፃ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ፈርሶ ነበር፤ ከተማዋን በ1534 የያዙት የዑስማኒያው (የኦቶማን ቱርኩ) ሱልጣን ሱለይማን ናቸው ጉልላቱን እንደ አዲስ ያሠሩት። ይህ ሁሉ የሆነው ሼኹ ካረፉ ከሦስት መቶ ስድሳ ዓመታት በላይ ቆይቶ ነው። ሆኖም የጀይላኒን መቃብር የሚዘይር ሰው «ይህ የሱለይማን ሕንፃ ነው» ብሎ ከደጃፉ አይመለስም። በቱርክ ምድር በኮንያ የሚገኘው የመውላና ጀላሉዲን ሩሚ መቃብርም እንደዚሁ ነው። መውላና ያረፉት በ1273 ሲሆን ዓለም በሥዕል የሚያውቀው ያ የተሸነሸነና በሰማያዊ አረንጓዴ ሸክላ የተለበጠ ማማ የተጨመረው በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ ነው።

ብዙውን ጊዜ የሚሆነው እንዲህ ነው። ወሊዩ ሲያርፉ መቃብራቸው ተራ መቃብር ይሆናል፤ ደረሶቻቸው (ተማሪዎቻቸው) እና ቤተሰባቸው ይጠብቁታል፣ ዘያሪ ይመጣል፣ አጥር ይታጠራል፣ ዳስ ይጣላል። ዚያራው እየሰፋ ሲሄድ ደግሞ አቅም ያለው ሰው፣ ብዙ ጊዜም ገዢ፣ ግንብ ያሠራበታል። እንግዲህ ቁባው የሚነግረን ወሊዩ መቼ እንደ ኖሩ አይደለም፤ ዝናቸው ገዢን የሚያስነሣ ደረጃ ላይ የደረሰው መቼ እንደሆነ ነው። በዚህ ዓይን ሲታይ አምስት መቶ ዓመት ያለ ግንብ የቆየ መቃብር ለእኔ ከግንቡ ይልቅ የሚያስደንቅ ነው፤ ያን ሁሉ ዘመን ያቆየው የሰው እግርና የሰው ቃል ብቻ ነውና።

ያ ዘመን ደግሞ ቀላል ዘመን አልነበረም። በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረው የካይሮው ጸሐፊ አል-ዑመሪ በምድራችን የነበሩትን ሰባት የሙስሊም ግዛቶች ሲዘረዝር ኢፋትን፣ ደዋሮን፣ አራባብኒን፣ ሀዲያን፣ ሸርኻን፣ ባሊንና ደራን ይጠራል። ባሊ የዛሬዋ ባሌ ናት፤ ሼኽ ሁሴን በትውፊት እስልምናን ያስፋፉትም በዚህች ምድር ነው። ከዚያም የ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጣ። ከ1529 እስከ 1543 የተካሄደው የኢማም አሕመድ ጦርነትና የኦሮሞ ሕዝብ እንቅስቃሴ የአካባቢውን መልክ ለወጡት፤ ባሊ እንደ መንግሥት ከታሪክ መድረክ ወጣች፣ ሐረርም አሚር ኑር ባስገነቡት ግንብ ውስጥ ተሰበሰበች። የሼኽ ሁሴን መቃብር ግን አልተረሳም። በአካባቢው የሰፈረው የአርሲ ኦሮሞ ወሊዩን የራሱ አደረጋቸው፣ በቋንቋው አወደሳቸው። ኦሮሞዎች ወደ ሃይማኖታዊ አባታቸው ወደ አባ ሙዳ ያደርጉት ከነበረው የቆየ ጉዞ ጋር ዚያራው በብዙ ነገር እንደሚመሳሰል የአካባቢውን ባህል ያጠኑ ሰዎች ጽፈዋል። መንግሥት ሲፈርስ ስፍራው በሕዝብ እጅ ቆየ ማለት ነው።

አሚር ዐብዱሸኩር ቁባውን ያሠሩት በዚህ ሁኔታ ውስጥ ነው። የሐረር አሚርነት ከ1647 ጀምሮ ራሱን የቻለ መንግሥት ነበር፤ ሆኖም ግዛቱ ከግንቡ ውጭ ብዙም አይዘልቅም፤ በዙሪያው ያለው ሰፊ ምድር የኦሮሞና የሶማሌ ምድር ነው። የከተማው ነጋዴ የሚንቀሳቀሰው፣ የከተማው ዓሊም የሚያስተምረው በዚያ ሕዝብ መካከል ነበር። በእኔ ግምት አሚሩ በሕዝቡ ዘንድ ከማንም በላይ የሚከበረውን ወሊይ ማረፊያ በማስገንባታቸው አንድም አጅር (ከአላህ ምንዳ) ፈልገዋል፣ አንድም ሐረርና ባሌ የአንድ ዲን ቤተሰብ መሆናቸውን በድንጋይ አሳይተዋል። ሁለቱ ዓላማዎች የሚጋጩ አይደሉም።

በሐረር ራሷ ነገሩ ይበልጥ ይታያል። ወሊዩ አው አባድር በትውፊት ወደ ሐረር የመጡት በ612 ሂጅራ፣ ማለትም በ1216 እ.ኤ.አ. ገደማ ነው። በግንብ የታጠረው የሐረር አሮጌ ከተማ ጀጎል በ2006 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ በውስጡ 82 መስጊዶችና 102 የወሊይ ማረፊያዎች እንዳሉ ተጽፏል። አንዳንዱ አዋች ግንብ ነው፣ አንዳንዱ ጉልላት አለው፣ አንዳንዱ ደግሞ ዛፍና ጥቂት ድንጋይ ብቻ ነው። የአሚር ኑርን ቁባ ያየ ሰው አይረሳውም፤ አረንጓዴ ቀለም የተቀባ፣ እንደ ንብ ቀፎ ሾጠጥ ያለ፣ ላዩ ላይ በየረድፉ ጉጥ ጉጥ ያወጣ ጉልላት ነው። ከድሬው ለስላሳና ነጭ ጉልላት ጋር ሲነጻጸር ሁለቱ የአንድ አገር ሥራ አይመስሉም። እዚህ ላይ ልብ እንዲሉልኝ የምፈልገው ዛፍ ብቻ ያለው አዋች ጉልላት ካለው እንደማያንስ ነው፤ እኛ ቤት «ትልቁ ግንብ ያለው ወሊይ» የሚባል ነገር የለም።

አንድ ነገር ልጨምር። አሜሪካዊው ሐኪም አርተር ዶናልድሰን ስሚዝ በ1894 እ.ኤ.አ. ወደ ሩዶልፍ (ዛሬ ቱርካና) ሐይቅ ሲጓዝ በድሬ ሼኽ ሁሴን በኩል አልፏል። ስለዚህ የስፍራው ዝና ከውጭ በመጣ ሰው የጉዞ ማስታወሻ ውስጥም ከመቶ ሠላሳ ዓመት ገደማ በፊት ሰፍሯል።

መልስ፦ የኖራ ሙያተኛ

ሰላም ለሁላችሁ። የታሪኩን ነገር ከላይ ያሉት ወንድማችን በሚገባ አስረድተዋል፤ እኔ ግንበኛ ስለሆንኩ ሦስተኛውን ጥያቄ ልውሰድ።

አራት ማዕዘን ክፍል ውስጥ ገብተው አንዱ ጥግ ላይ ቆመው ወደ ላይ ቢመለከቱ ችግሩ ይገባዎታል። ክቡ ጉልላት የአራቱን ግድግዳዎች መሐል ይነካል፤ በአራቱ ጥጎች ላይ ግን ከሥሩ ባዶ ነው፣ የሚሸከመው የለም። የሙስሊሙ ዓለም ግንበኞች ይህን በሁለት ዋና መንገድ ፈትተውታል። አንደኛው በእያንዳንዱ ጥግ ላይ ከአንዱ ግድግዳ ወደ ጎረቤቱ ግድግዳ የሚሻገር ትንሽ ቅስት መሥራት ነው፤ አራት ጥጎች በአራት ቅስቶች ሲዘጉ አራቱ ማዕዘን ስምንት ይሆናል፣ ስምንት ማዕዘን ደግሞ ለክብ ቅርብ ነው። ሁለተኛው ከጥጉ እየሰፋ የሚወጣ፣ እንደ ነፋስ ያለበት ሸራ ወደ ውስጥ የተቀለበሰ ሦስት ማዕዘን ግንብ ማቆም ነው። ጉልላቱ ትንሽ ሲሆን ከሁለቱም የቀለለ ዘዴ አለ፤ ጥጉ ላይ ድንጋዩን በየረድፉ ጥቂት ጥቂት ወደ ውስጥ እያስወጡ መደርደር ነው። ለዚህ ብዙ እንጨት መደገፊያ አያስፈልግም፤ እንጨት በማይበዛበት ቆላ ይህ ትልቅ ነገር ነው። የተጠናቀቀው ጉልላት ራሱም ምስጥ የሚበላው ወጋግራ የለውም።

አሁን ወደ በሩ እንምጣ። ጉልላት ወደ ታች ብቻ አይጫንም፤ ወደ ውጭም ይገፋል። እግሩን አንፈራጦ በሚያዳልጥ ወለል ላይ የቆመ ሰው እግሮቹ ወደ ጎን እንደሚሸሹበት ማለት ነው። ይህን ግፊት የሚይዘው የግድግዳው ውፍረትና ክብደት ነው። በግድግዳው ላይ የሚከፈት ማንኛውም ቀዳዳ፣ በርም ይሁን መስኮት፣ ይህን አቅም ይቀንሰዋል። ስለዚህ ትንሽ በርና የመስኮት ማነስ ለጉልላት ቤት በግንባታ ረገድ ጤና ነው። ከዚህ ሌላ ወፍራም ድንጋይ ሙቀት ቶሎ አያሳልፍም፤ ውጭው ፀሐይ በሚነድበት በእኩለ ቀን ውስጡ ቀዝቀዝ ያለው ለዚህ ነው። ዘያሪውን ጎንበስ ማሰኘቱ ደግሞ አደብ ነው፤ ግንበኛው የትኛውን አስቀድሞ አስቦ እንደሆነ መለየት አያስፈልገንም፣ በአንድ በር ሁሉም ተገኝቷል።

ይህ ቅርጽ፣ ማለትም አራት ማዕዘን አካልና ክብ ራስ፣ ምን ያህል ሊያድግ እንደሚችል ለማየት በካዛክስታን ቱርኪስታን ከተማ የሚገኘውን የኾጃ አሕመድ የሰዊን መቃብር ማሰብ ይጠቅማል። ኾጃ አሕመድ ያረፉት በ1166 እ.ኤ.አ. አካባቢ ነው፤ በመጀመሪያ የነበራቸው ትንሽ መቃብር ነበር። የመካከለኛው እስያ ገዢ ቲሙር ከሁለት መቶ ዓመታት በላይ ቆይቶ በ1389 የአሁኑን ሕንፃ ማሠራት ጀመረ። የዋናው ጉልላት ስፋት 18.2 ሜትር ነው፤ እርሱን የሚሸከመው የግድግዳ ውፍረት በአንዳንድ ስፍራ 3 ሜትር ያህል ይደርሳል። ጉልላቱ የሚገፋውን ለመያዝ ምን ያህል ክብደት እንደሚጠይቅ ከዚህ ይታያል። ቲሙር በ1405 ሲሞት ሥራው ቆመ፤ ትልቁ መግቢያ የሸክላ ልብሱን ሳይለብስ ቀረ፣ ግንበኞቹ የቆሙባቸው እንጨቶችም እስከ ዛሬ ከጡቡ ውስጥ ጫፋቸውን አውጥተው ይታያሉ። ለእኔ ለሙያተኛው ያ ያላለቀ ፊት ካለቀው ጀርባ ይበልጥ ያስተምረኛል፤ ጡቡ እንዴት እንደተያያዘ፣ መቆሚያው በየስንቱ እንደተደረገ ራቁቱን ይነግረኛልና።

ጠያቂያችን መቃኑ ላይ ያዩት ልስላሴና ድርብርብ ግን ከሁሉም በላይ ማረከኝ። ኖራ ድንጋይ ነው፤ ወደ 900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስ እሳት ሲቃጠል በውስጡ ያለውን አየር ይለቃል፣ በውሃ ሲፈታ ይፈላል፣ እንደ ሊጥ ይሆናል፣ ግድግዳ ላይ ከተቀባ በኋላ ደግሞ ከአየር ውስጥ የለቀቀውን መልሶ እየሳበ ቀስ በቀስ እንደገና ድንጋይ ይሆናል። ስለዚህ በየጊዜው በኖራ የሚቀባ ቁባ በየጊዜው አንድ ስስ የድንጋይ ቆዳ ይጨምራል። ጠርዙ የሚደበዝዘው፣ ጥጉ የሚድቦለቦለው፣ ሕንፃው ከአንድ ጭቃ የተቀረጸ የሚመስለው በዚህ ምክንያት ነው። ያ መልክ አንድ አናጺ ወይም አንድ ግንበኛ ያሰበው አይደለም፤ ብዙ ትውልድ እጁን አሳርፎበታል።

በዚህ አጋጣሚ አንድ የሚያሳዝነኝን ነገር ልናገር። ከዓመታት በፊት ስሙን የማልጠቅሰው አንድ የወሊይ ማረፊያ ልስኑ ስለተጎዳ እንዲታደስ ተጠርቼ ሄድኩ። ከእኔ በፊት የመጡት ሠራተኞች በቅንነት፣ ይበረታል ብለው፣ ግድግዳውን በሲሚንቶ ለስነውት ነበር። ሲሚንቶ ከታች የሚወጣውን እርጥበት አያስተነፍስም። ውሃው መውጫ ሲያጣ ከልስኑ ጀርባ ይጠራቀማል፣ የተሸከመው ጨው ደግሞ ሲደርቅ እየደደረ ድንጋዩን ከውስጥ ይገፋዋል። በመዶሻ ቀስ ብዬ ስነካው ልስኑ በትልቁ ተገንጥሎ ወደቀ፤ አንሥቼ ጀርባውን ስገለብጠው የድንጋዩ ፊት እንዳለ ተለጥፎበት መጥቷል፣ ግድግዳው ላይ የቀረው እንደ ዱቄት የሚረግፍ ነገር ነበር። ያን ቁራሽ በእጄ ይዤ ለረጅም ጊዜ ቆምኩ። በኖራ ቢሆን ኖሮ የሚያረጀው ልስኑ ነበር፣ ድንጋዩ ይተርፍ ነበር። የኖራ ጥበቡ ለግድግዳው ሲል ራሱ ማለቁ ነው።

አደራ የምለው ይህንኑ ነው። ኖራው ከመቀባቱ በፊት በውሃ ውስጥ ለሳምንታት ይቆይ፤ በቆየ ቁጥር ይለሰልሳል። ግድግዳው አስቀድሞ በውሃ ይራስ፤ ኖራው እንደ ወተት ቀጥኖ፣ ስስ ሆኖ፣ ደጋግሞ ይቀባ። አንድ ጊዜ አወፍሮ መቀባት ይሰነጥቀዋል፤ በጠራራ ፀሐይ መቀባትም ሳይጠነክር ያደርቀዋል።

መልስ፦ ደረሳ

አሰላሙ ዓለይኩም። መሻኢኾቻችንን ከማክበር ጋር አንድ ነገር ሳይነሣ እንዳይቀር ብዬ ነው። በሐዲስ መዝገቡ በሶሒሕ ሙስሊም ከጃቢር ኢብኑ ዐብዲላህ በተላለፈ ሐዲስ መቃብርን በኖራ መለሰንና በላዩ ላይ መገንባት መከልከሉን እናገኛለን። በዚህ ሐዲስ ላይ ዑለማዎች ሲወያዩ ኖረዋል፤ ከፊሎቹ ክልከላውን እንዳለ ይዘው ማንኛውንም ግንባታ ተቃውመዋል፣ ከፊሎቹ ደግሞ ለጌጥና ለኩራት ከሚሠራው ለይተው ዘያሪ የሚጠለልበትንና የሷሊሖች (የደጋግ ሰዎች) ማረፊያ እንዳይጠፋ የሚያደርገውን ፈቅደዋል። ይህን የማነሣው ክርክር ለመክፈት አይደለም። ወንድማችን «አምስት መቶ ዓመት ያለ ግንብ ቆየ» ሲሉ ጥያቄው የአቅም ማነስ ብቻ ላይሆን እንደሚችል፣ ግንብ አለመኖሩ ራሱ ለአንዳንድ ዑለማ የተመረጠ አደብ እንደነበረ እንድናስታውስ ነው። በሐረር ዛፍና ድንጋይ ብቻ ያላቸውን አዋቾችም በዚህ ዓይን ማየት ይቻላል።

ልዩነቱ ወደ መዶሻ ሲያመራ ግን ምን እንደሚሆን በቲምቡክቱ አይተናል። በማሊ የምትገኘው ያች የወሊዮች ከተማ በዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡላት 16 የወሊይ መቃብሮች 14ቱ በ2012 እ.ኤ.አ. ፈረሱ። የከተማዋ የጭቃ ግንበኞች በአባቶቻቸው ዘዴ መልሰው ሠሩአቸው፤ ሥራው በ2015 ተጠናቀቀ። ከማፍረሱ ጋር በተያያዘ የተከሰሰው አሕመድ አል-ፋቂ አል-ማህዲ በ2016 በዓለም አቀፉ የወንጀል ፍርድ ቤት ጥፋቱን አምኖ የዘጠኝ ዓመት እስራት ተፈርዶበታል። የዛሬዎቹ ግድግዳዎች ዐሥር ዓመት ገደማ ቢሆናቸውም የቲምቡክቱ ሰው መቃብሮቹን አዲስ ናቸው አይልም፤ ግድግዳውን በየጊዜው በጭቃ መለሰን ድሮም የኖረበት ልማዱ ነውና።

ጠያቂ፦ የባሌ መንገደኛ

ሦስታችሁንም ጀዛኩሙላሁ ኸይረን። ትናንት ማታ መልሶቻችሁን ለእናቴ አነበብኩላት። ስለ ጀይላኒ ቁባ የተጻፈውን ሁለት ጊዜ አስደገመችኝ፤ ከዚያም «ለዚያ ልጅ መንገድ ላይ ብነግረው ጥሩ ነበር» አለች። የደረሳው ወንድማችን ያነሡትን ሐዲስም ስታዳምጥ ራሷን ነቀነቀች፤ አያቷ ሲዘይሩ ቁባው ውስጥ ሳይገቡ ከደጅ ዱዓ አድርገው ይመለሱ እንደነበር ያኔ ነው የነገረችኝ። ይህን ከዚህ በፊት ነግራኝ አታውቅም።

አሁን ደግሞ ሌላ ጥያቄ መጣብኝ። የኖራ ሙያተኛው እንዳሉት ሕንፃው በላዩ ላይ ቆዳ እየጨመረ የሚሄድ ከሆነ፣ የመጀመሪያው ግድግዳ ከዚያ ሁሉ ሥር ምን እንደሚመስልና መቼ እንደተሠራ ሳይጎዱት ማወቅ የሚቻልበት መንገድ ይኖራል? በመጪው ዓመት እንደገና ለመሄድ አስበናል፤ አንድ የሚጠቅም ነገር ሠርቼ መመለስ እወዳለሁ።

መልስ፦ የኖራ ሙያተኛ

መንገዱ አለ፤ ግን አንዱ ክፍል የባለሙያ ነው፣ ሌላው ማንም ሊሠራው ይችላል። የባለሙያው እንዲህ ነው። ኖራ በእንጨት እሳት ሲቃጠል ጥቃቅን የከሰል ፍርፋሪ ይቀላቀልበታል፤ ያ ፍርፋሪ በድንጋዮቹ መካከል ባለው ማያያዣ ውስጥ ተቀብሮ ይቆያል። ከጥፍር የምታንስ ከሰል ከተገኘች በካርቦን ልኬት እንጨቱ የኖረበትን ዘመን መገመት ይቻላል። በዕድሜ የገፋ ግንድ ተቃጥሎ ከሆነ ልኬቱ ከግንባታው ዘመን ቀደም ስለሚል አንድ ናሙና አይበቃም። ድርብርቡም ይነበባል፤ ከተነሣ ቅርፊት ላይ የወደቀች አንዲት ስባሪ በአጉሊ መነጽር ከጎኗ ስትታይ ነጩ ንብርብር በመሐሉ ቀጫጭን የአቧራና የጥላሸት መስመሮች ይኖሩታል፣ ከነዚያ መስመሮች ስንት ጊዜ እንደተቀባ መቁጠር ይሞከራል። ይህ ሁሉ ግን በስፍራው ጠባቂዎች ፈቃድና በቅርስ ባለሙያ እጅ ብቻ የሚደረግ ነው። እርስዎ በጥፍርዎ እንኳ እንዳይነኩት፤ የተነሣውን ቅርፊት መላጥ የሚቀጥለውን ዝናብ ማስገባት ነው።

እርስዎ ሊሠሩት የሚችሉት ሁለት ነገር አለ። በመጀመሪያ ሽማግሌዎቹን ይጠይቁ። ኖራው ከየት ይመጣ እንደነበር፣ ድንጋዩን ማን እንደሚያቃጥለው፣ በምን ወር እንደሚቀባ፣ በምን ዓይነት መጥረጊያ ወይም ጨርቅ እንደሚቀባ፣ ሴቶች ይሳተፉ እንደሆነ፣ ከኖራው ጋር የሚጨምሩት ነገር ካለ ምን እንደሆነ፤ እያንዳንዱን በራሳቸው ቃልና በራሳቸው ቋንቋ ይቅረጹት። ግንቡ ለዘመናት ቢቆምም ይህን የሚያውቁት ሰዎች እየቀነሱ ነው።

ሁለተኛው ፎቶ ነው፤ ከማንሣትዎ በፊት ግን ጠባቂዎቹን ያስፈቅዱ። ከተፈቀደልዎት ከውጭ በኩል፣ ሰው በማይበዛበት በማለዳ፣ ፀሐይዋ ገና ከጎን ስትመታ ያንሡ፤ ያን ጊዜ ስንጥቅና እብጠት ሁሉ ጥላ ስለሚጥል ይታያል። ግድግዳው ሥር ርዝመቱ የታወቀ ዘንግ ያቁሙ። የቆሙበትን ቦታ ከቅጥሩ በር ስንት እርምጃ እንደሆነ ቆጥረው ይጻፉ፣ በሚቀጥለው አረፋም ከዚያው እርምጃ ላይ ቆመው ይድገሙት። የበሩን መቃን ለብቻው አንድ ፎቶ ያንሡልኝ፤ እናትዎ እጃቸውን ያሳረፉበትን በኩል።